ሰባቱም ወንዶች የሆኑበት ኮሚቴ

ጥያቄ፦ የሁለገብ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ ሰባት አባላት አሉት፤ ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ምርጫው ሁለት ወር ቀርቶታል። ሴቶች ቢያንስ ሁለት ወንበር እንድናገኝ ከየት እንጀምር? (ከብቸና)

መልስ፦ ከአባላት መዝገብ ጀምሩ። የሚመረጠው በስሙ ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ የገዛ አባል ነው። ብዙ ጊዜ ዕጣው በባል ስም ይገዛና ሚስት ስብሰባ ብትቀመጥም ድምፅ የላትም። «መሬት የለሽም» የሚላት ካለ፣ በክልላችን የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዳለ ታሳየው። መመዝገቢያውንና የአንድ ዕጣ ዋጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ የምርጫው ሳምንት ሲደርስ ከሆነ «ገና አዲስ ናችሁ» መባል አይቀርም። ማን ስንት ዕጣ አለው አያስፈራችሁ፤ በኅብረት ሥራ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው።

ደንቡን ማሻሻል ካሰባችሁ፣ «ሁለት ሴቶች ይኖራሉ» ብቻ አትበሉ። ኖርዌይ በ2003 እ.ኤ.አ. ለትልልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ የ40 በመቶ የሴቶች ድርሻ ሕግ አወጣች። በፈቃደኝነት ሳለ ብዙዎቹ አላሟሉም፤ ያሟሉት ያላሟላ ይፈርሳል ሲባል ነው። እናንተም «ሴት ዕጩ ካልቀረበ ወንበሩ በወንድ አይሞላም» የሚል ሐረግ ጨምሩበት። አለዚያ ሰብሳቢው «ፈቃደኛ ሴት አጣን» ብሎ ያልፈዋል። ማሻሻያው በጥሪው አጀንዳ ላይ መያዝ፣ በጉባኤው መጽደቅ፣ ከዚያም በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ሁለት ወር ለዚህ ሁሉ ጠባብ ነው።

ለዘንድሮ ጥቆማው ላይ በርቱ። አምስት ሴት ተጠቁሞ ድምፁ ከሚበታተን ሁለት ወይም ሦስት ላይ ተስማሙ፤ ጠቋሚና ደጋፊ አስቀድማችሁ ለዩ፤ «ጥቆማው ይዘጋ» ሳይባል ቀድማችሁ እጅ አውጡ። ምርጫው በምስጢር ድምፅ እንዲሆን ጠይቁ። አማቷ ፊት እጇን የምታነሣ ምራት ጥቂት ናት!

ስብሰባው የሚጠራበትን ቀንም እዩት። ወንዶቹ በበዓል ቀን ከቅዳሴ መልስ ይመቻቸዋል፤ እናንተ ግን ያኔ ዝክርና እንግዳ ላይ ናችሁ።

የቁጥጥር ኮሚቴ ወንበር ቢሰጣችሁ ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ታያላችሁ። በሥራ አመራሩ ፋንታ ግን አትቀበሉት።

ጥያቄ፦ በአክሲዮን ማኅበር ቦርድ ብቸኛዋ ሴት ነኝ። ባልተስማማሁበት ውሳኔ እጠየቃለሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ዝም ካሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። በቃል መቃወም አይበቃም፤ ተቃውሞዎ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይስፈር፣ ለኦዲተሩም በጽሑፍ ያሳውቁ። ሰነዱ ስብሰባ ላይ ተዘርግቶ «እዚሁ ይታይ» ሲባል ለማንበብ ጊዜ ይጠይቁ። ደግሞ በባዶ ወረቀት ላይ «ለስም መቆጣጠሪያ» ተብለው አይፈርሙ፤ ያ ወረቀት ኋላ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝና እንደ ስምምነት ይቆጠርብዎታል።