ፓተንት ወጣበት ማለት ተቆለፈ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አንድ ኩባንያ አካባቢ የማይበክል ነገር ፈጥሮ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሲያወጣበት ሌላው እንዳይሰራው ከለከለ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ እንዴት ነው ፓተንት ለአካባቢ ይጠቅማል የሚባለው፣ ለኔ አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መከልከያ መብት መሆኑማ እውነት ነው። ግን ይከልክልበት ወይስ ይፍቀድበት የባለቤቱ ውሳኔ ነው፣ አንዳንዴ ደሞ መፍቀዱ ለራሱም ያዋጣዋል።

የኤሲን፣ ማለትም የክፍል ማቀዝቀዣን ነገር እንይ። ውስጡ የሚዞር ጋዝ አለ፣ ሾልኮ ሲወጣ ምድርን ያሞቃል። በብዛት ሲሞላ የኖረው አር-410ኤ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ነው የሚያሞቀው፣ አር-32 የሚባለው ግን 675። የጃፓኑ ዳይኪን በአር-32 ኤሲ ላይ የያዛቸውን 93 ፓተንቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ለታዳጊ አገሮች፣ በ2015 ደሞ ለሁሉም በነጻ ለቀቃቸው። ለምን ቢሉ አንድ ኩባንያ ብቻውን የሚጠቀምበት ጋዝ የትም አይደርስም፣ አቅራቢ ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል፣ የሚፈቅድ ደንብ ይፈልጋል፣ እነዚህ ደሞ የሚመጡት ተፎካካሪዎቹም አብረው ሲገቡበት ነው።

በነጻ ተለቀቀ ሲባል ግን ቃሉን በደንብ ማንበብ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ በ2014 ፓተንቶቹን በቅን ልቦና ለሚጠቀም ሰው አልከስም አለ እንጂ ያለ ገደብ አልሰጠም። ቶዮታ በ2019 ወደ 24,000 የሚጠጉ የሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና) እና መሰል ፓተንቶቹን እስከ 2030 መጨረሻ በነጻ ሲል የቴክኒክ ድጋፉን ግን በክፍያ ነው ያደረገው። ለኔ ዋናው ነገር እዚ ጋ ነው፣ የፓተንት ወረቀት አሰራሩን ይናገራል እንጂ እጅ አያሰለጥንም። አር-32 እራሱ በመጠኑ ይቀጣጠላል፣ ያልሰለጠነ ሰው ሲሞላው አደጋ አለው፣ ስለዚ ፓተንቱን ከፍቶ ስልጠናውን የተወ ኩባንያ ግማሹን ነው የሰጠው።

ትናንሽ ኩባንያዎች በነጻ ልቀቁ ቢባሉ ይከብዳቸዋል፣ ያላቸው ሀብት እሱ ነው፣ ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) እየሸጡ ነው ለቀጣዩ ምርምር ገንዘብ የሚያገኙት። ይሄንንም አልነቅፍም።

ደሞ አይርሱ፣ ፓተንት የሚሰራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፣ እድሜውም አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ከገባ 20 ዓመት ነው፣ ዓመታዊ ክፍያው ካልተከፈለ ከዛም በፊት ይወድቃል። አንድ ቴክኖሎጂ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ እርስዎ ባሉበት አገር ተመዝግቧል ወይ፣ ክፍያውስ ተከፍሏል ወይ ብለው የፓተንት ቢሮውን ይጠይቁ፣ ካልተመዘገበ እዛው አገር ውስጥ ለመስራት ፈቃድ አያስፈልግዎትም፣ ወደተመዘገበበት አገር መላክ ሲያስቡ ነው ጣጣው የሚመጣው።