«ኤምአርአዩ ምንም አያሳይም» ከማለታችሁ በፊት

ሰላም ልጆች፣

በአንጎል ምስል ምርምር መሥራት የምትፈልጉ እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይላል። ማሽኑን የሚያስተምራችሁ አታጡም። እኔ በራዲዮሎጂ ካረጀሁ በኋላ ይበልጥ እያሳሰበኝ ስለመጣ አንድ በሽታ ላውራችሁ።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ የሚነሳበት ሕመም ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚይዛቸውም በወጣትነታቸው ነው። መገጣጠሚያን፣ ቆዳንና ኩላሊትን እንደሚያጠቃ ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ግን ሌላም ነገር ይነግሯችኋል፦ «ቃል ይጠፋብኛል። ያነበብኩት አይያዘኝም። ጓዳ ገብቼ ምን ፈልጌ እንደገባሁ እረሳለሁ።» ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሚነሳ የአንጎል ምስል) ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ ንጹህ ይሆናል፤ ካልሆነም ጥቂት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነሱ ደግሞ ምንም ቅሬታ በሌለው ሰው ላይም ይገኛሉ። ከዚያ አንዱ ሐኪም «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ይሸኛታል። እባካችሁ ይህን አትበሉ።

ተራው ኤምአርአይ የሚያሳየው በዋናነት ቅርጽን ነው። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ አያሳይም። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1999 ሉፐስ በነርቭና በአእምሮ ላይ የሚያመጣቸውን 19 ችግሮች ሲዘረዝር፣ የማሰብና የማስታወስ ችግር በፈተና እንዲለይ ነው ያስቀመጠው።

ለእኔ ትልቁን ትምህርት የሰጠው የአሜሪካዊቷ የሉፐስ ተመራማሪ የቤቲ ዳያመንድና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዲኤንኤን የሚያጠቁ አንዳንድ የሉፐስ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) በነርቭ ሴል ላይ ያለውን የኤንኤምዲኤ ተቀባይም፣ ማለትም ለመማርና ለማስታወስ የሚያገለግለውን የመልእክት መቀበያ፣ እንደሚይዙ አሳዩ። ቀጥለው ወደ አይጦች ሄዱ። አንቲቦዲው በደም ውስጥ ብቻ ሲዞር አንጎልን አልጎዳም። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር በባክቴሪያ መርዝ ሲከፈት ግን የማስታወሻው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ተጎዳ፤ ማስታወስ ደከመ። አጥሩ በአድሬናሊን ሲከፈት ደግሞ የተጎዳው የፍርሃት ማዕከል የሆነው አሚግዳላ ነው፤ የተዛባውም የፍርሃት ስሜት። አንቲቦዲው ያው ነው፤ የገባበት በር ነው የተለያየው።

በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ማንሃሴት በሚገኘው የፋይንስታይን ተቋም ታማሚዎችን በፔት ስካን (አንጎል ምን ያህል ግሉኮስ እንደሚጠቀም በሚያሳይ ምስል) አዩ። የአንጎል ሕመም ታሪክ በሌላቸው ሰዎች እንኳ ሂፖካምፐስ ከጤነኞቹ የበለጠ ግሉኮስ ሲጠቀም ተገኘ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይጠብቃል። ግን ብዙ መብላት ብዙ መሥራት አይደለም፤ አሮጌ ላዳም ቤንዚን ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከካናዳዋ ሃሊፋክስ የወጣ ጥናት ቀለም ሰጥቶ በሚከታተል ኤምአርአይ የአጥሩን መፍሰስ ለካ። ፍሳሹ ሰፊ የሆነባቸው ታማሚዎች የማሰብ ችግራቸውም የባሰ ነበር።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ላስጠነቅቃችሁ። እነዚህ ሁሉ የቡድን ውጤቶች ናቸው። ፊታችሁ የተቀመጠችውን አንዲት ሴት በእነሱ ብቻ መመርመር አትችሉም። በስካኑ ላይ የሚያምረው ቀይ ቀለምም ከአንጎሏ የመጣ አይደለም፤ ከየት ጀምሮ እንደሚቀላ የወሰንነው እኛ ነን። ለሉፐስ የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን በራሱ ማስታወስን ይነካል። እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ ሕመም፣ የደም ግፊትም እንዲሁ። እነዚህን ሳትመዘግቡ ማሽን ውስጥ ያስገባችኋትን ታማሚ ምስሏን ለማንበብ ትቸገራላችሁ።

ውጭ አገር ለምትሠሩት አንድ ነገር ልጨምር። የማስታወስ ፈተናዎቹ ብዙዎቹ የተለኩት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ነው። አማርኛ አፍ መፍቻዋ የሆነች እህታችን በእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ስትፈተን ነጥቧ ዝቅ ቢል ተጠያቂው ሉፐሱ ነው ወይስ ቋንቋው? ይህ ነጥብ ከምስሉ ጋር ከተዛመደ በኋላ ስህተቱን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። በጠራ ትርጉም፣ በራሷ ቋንቋ ፈትኗት። የትምህርት ደረጃዋን ጻፉ። ከሷ ጋር የሚኖረውን ሰውም ጠይቁ፦ ድሮ በቀላሉ ትሠራው የነበረ፣ አሁን ያቃታት ነገር ምንድን ነው? የቤት ሂሳብ መያዝ? ወጥ ጥዳ አለመርሳት? መልሱን ከስካኑ በፊት መዝግቡት፤ ምስሉን ካያችሁ በኋላ ጥያቄያችሁ ራሱ ይለወጣል።