ለአሮጌ ክራንክ አዲስ የፊት ማርሽ፦ ከጥርሱ በፊት የብሎኑ ክብ ይለካ

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የእሽቅድምድም ብስክሌት አለኝ። የፊት ማርሾቹ ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ ናቸው፤ ክራንኩ (ፔዳሉንና የፊት ማርሾቹን የሚይዘው ክንድ) ባለ አምስት ብሎን ሲሆን ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው። ዳገት ላይ ተነሥቼ ስረግጥ ካቴናው ይዘላል፤ የፊት ማርሹ ስለተበላ ነው። ዳገቱም ስለከበደኝ ባለ 50 እና ባለ 34 ማርሽ ገዛሁ፤ ቀዳዳዎቹ ግን አልገጠሙም። ክራንኩን ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ማርሹ እንቢ ያለው ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብ ስለተለያየ ነው። ባለ 34 ጥርስ የሚሠራው የክቡ ስፋት (ዲያሜትር) 110 ሚሊ ሜትር ለሆነ ክራንክ ነው። የዚያን ዘመን የእሽቅድምድም ክራንኮች ግን በአብዛኛው 130 ናቸው፤ የካምፓኞሎ ከሆነ 135፣ ከዚያ ቀደም ያለው ደግሞ 144። ስለዚህ ከጥርስ ቁጥር በፊት ይህንን ክብ ይወቁ።

ቀዳዳዎቹ አምስት ስለሆኑ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አያገኙም፤ ክቡን አቋርጦ መለካት አይቻልም። በካሊፐር ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ጎረቤቱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ይለኩ። ይህ ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት ማለት ነው። 64.7 ሚሊ ሜትር ካገኙ ክቡ 110፣ 76.4 ከሆነ 130፣ 79.4 ከሆነ 135፣ 84.6 ከሆነ 144 ነው። በ130 እና በ135 መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይገምቱ። ልኩ ትንሽ ሲጎድል ቀዳዳውን በሞረድ የሚያሰፉ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ማርሹ መሐሉን ይስታል፤ ካቴናውም በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይረግባል።

34 ጥርስ ለምን 130 ላይ እንደማይሠራ በቁጥር ላሳይዎ። በካቴናው አንድ ማያያዣ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር አለ። በዚህ ልክ ባለ 34 ማርሽ ላይ የተጠመጠመ ካቴና የፒኖቹ ክብ 137.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ክቡ 130 የሆነ ክራንክ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎቹ እስከ 140 ይደርሳሉ። ብሎኑና ካቴናው አንድ ቦታ ላይ ይጋጫሉ ማለት ነው። ለ130 ትንሹ 38 ጥርስ ነው፤ ለ135 ደግሞ 39፣ ለ144 41።

ክቡ 130 ሆኖ ከተገኘ የእኔ ምርጫ 50 እና 39 ነው። 38 ፍለጋ አይድከሙ፤ ከ39 የሚያቀልልዎ 2.6 በመቶ ብቻ ነው፣ እግርዎ ልብ አይለውም። ከ42 ወደ 39 መውረድ 7 በመቶ ያህል ይሰጥዎታል። ትልቁ ጥቅም ያለው ከኋላ ነው። ትልቁ የኋላ ማርሽዎ ባለ 23 ጥርስ ቢሆንና በባለ 26 ቢተካ ብቻውን ከ11 በመቶ በላይ ያቀላል፤ ከ39 ጋር ሲደመር ዳገቱ ከበፊቱ 18 በመቶ ገደማ ይቀልልዎታል። የኋላ መቀየሪያዎ እስከ ስንት ጥርስ እንደሚችል አስቀድመው ያረጋግጡ። 34 ግድ ነው ካሉ ክቡ 110 የሆነ ሌላ ክራንክ ይፈልጋሉ፤ ያኔ ክራንኩ የሚታሰርበት የመሐል አክስል ርዝመትም አብሮ ይታያል።

አሁን ወደ መዝለሉ። የፊት ማርሽ ስለተበላ ነው ብለው ደምድመዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ካቴናውንና የኋላውን ነው። ከፊት በየትኛውም ማርሽ ቢሆን የሚዘለው ከኋላ አንድ የተወሰነ ማርሽ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኋላው ነው። የኋላው የትም ይሁን የት አንድ የፊት ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የፊቱ ነው። ካቴናውን ወጥረው ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው 24 ክፍተት ይቁጠሩና ይለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ306.3 ካለፈ ይቀየር፤ 308 ከደረሰ የኋላ ማርሾቹንም በልቷቸዋል። አዲስ የፊት ማርሽ ላይ የተሳበ ካቴና መጫን ገንዘብን መጣል ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ክራንኩን በደንብ አጥበው በብርሃን ያዩት፤ በተለይ የፔዳሉ ክንድ ከአምስቱ እጆች ጋር የሚገናኝበትን ጥግ፣ ከዚያ የፔዳሉን ቀዳዳ ዙሪያ። አሮጌ አሉሚኒየም የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ፀጉር የመሰለ መስመር ካዩ ጥፍርዎን ያሳልፉበት። ከያዘዎት ክራንኩ አበቃለት፤ መበየድም አያድነውም፤ ተነሥተው ሲረግጡ ይሰበራል። ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ይህ ምርመራ ካለፈ ብቻ ነው።

የፊት ማርሾቹን ሲገዙ ለ7 ወይም ለ8 ማርሽ ካቴና የተሠራውን ይጠይቁ፤ ለ10 እና ለ11 የተሠሩት ለቀጭን ካቴና የታሰቡ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ፣ እርስ በርስ እንዲሠሩ የተጣመሩትን ቢገዙ መቀያየሩ ይለሰልሳል። መቀየሪያ ማንሻዎ ቀጭ ቀጭ ሳይል የሚንሸራተት የድሮው ዓይነት ከሆነ ግን ጥንድ መሆናቸው ያን ያህል አያሳስብም።

ሲገጥሙ የትልቁ ማርሽ ብሎን የሚገባበት ጎድጓዳ ወደ ውጭ፣ የትንሹ ደግሞ ወደ ፍሬሙ ይዙር። ትልቁ ማርሽ ላይ ወጣ ያለች ፒን ካለች ከፔዳሉ ክንድ ጀርባ ትቀመጥ፤ ካቴናው ቢወድቅ በክንዱና በማርሹ መካከል እንዳይቀረቀር የምትይዘው እሷ ናት። ብሎኖቹን ግራሶ ቀብተው አንዱን ዘለው አንዱን እያሉ በየተራ ያጥብቁ፤ ብረት ከሆኑ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር፣ አሉሚኒየም ከሆኑ ከዚያ ያነሰ። ዳዶው አብሮ ከዞረ ከኋላ በሰፊ ጠፍጣፋ መፍቻ ይያዙት።

ከ52 ወደ 50 ሲወርዱ የማርሹ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስለሚል የፊት መቀየሪያውንም ያን ያህል ያውርዱት። በመቀየሪያው ውጫዊ ሳህንና በጥርሱ ጫፍ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቅር። አዲሱን ካቴና በመቀየሪያው ሳያሳልፉ ከትልቁ የፊት እስከ ትልቁ የኋላ ጠምጥመው ሁለት ማያያዣ ጨምረው ይቁረጡት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አምስቱን ብሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ማርሽ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላሉ።