ትከሻው ደንዝዟል፤ ታካሚውን በምን እናረጋጋው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የምሠራ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። የትከሻ ቀዶ ጥገና በኢንተርስኬሊን ብሎክ (አንገት ሥር ተወግቶ ትከሻውን በሚያደነዝዝ መርፌ) ብቻ ስንሠራ ብዙ ታካሚዎች ነቅተው መቆየት ይፈራሉ። ከሚዳዞላም፣ ከፕሮፖፎል፣ ከኬታሚንና ከዴክስሜዴቶሚዲን የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ብሎኩን ይመልከቱ። በተለመደው 20 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ሲሰጥ የዚያኑ ጎን የድያፍራም (የዋናው መተንፈሻ ጡንቻ) ነርቭ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አብሮ ይይዘዋል፤ የሳንባ አቅም በሩብ ያህል ይቀንሳል። በአልትራሳውንድ ታግዞ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር መስጠት ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ጤነኛ ሰው ይችለዋል፤ ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት ግን ማረጋጊያ ቀርቶ ብሎኩ ራሱ ሊከብደው ይችላል።

ስለዚህ ከተገኘ ዴክስሜዴቶሚዲንን እናስቀድማለን። ትንፋሽን እምብዛም አይጫንም፤ የተኛውም ሲጠሩት ይነቃል። በኪሎ 1 ማይክሮግራም በ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በሰዓት በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.7 ማይክሮግራም ይሰጣል። ክፉ ጎኑ የልብ ምት ማዘግየቱ ነው። በከፊል ተቀምጦ በሚሠራ ታካሚ ላይ ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት አብረው የሚወድቁበት ጊዜ አለ፤ ይህና የመድኃኒቱ ማዘግየት ሲገናኙ አደገኛ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ የመጀመሪያውን መጠን በግማሽ ይቀንሱ፤ ምትና ግፊትን የሚያነሡት አትሮፒንና ኤፌድሪን በሲሪንጅ ተቀድተው ይጠብቁ።

ፕሮፖፎል ቶሎ ያነቃል፤ በደቂቃ በኪሎ ከ25 እስከ 75 ማይክሮግራም በፓምፕ ይሰጣል። ያለ ፓምፕ በእጅ እየገፉ መስጠትን አንመክርም፤ አንዴ ከፍ ሲል የአየር መንገድ ይዘጋል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ በጨርቅ ተሸፍኖ እጅዎ አይደርስም።

ፓምፕ ከሌለ ሚዳዞላም 1 ሚሊ ግራም ይስጡና ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ሳይሠራ ሁለተኛው ይደገማል፣ ትንፋሽን የሚጫነው የሕመም ማስታገሻ ፌንታኒልም ይታከልበታል። ሚዳዞላሙ ካልበቃ ኬታሚን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም መጨመር ይቻላል፤ ትንፋሽና ግፊትን ያቆያል። ግፊት ከፍ ካደረገ ግን በካሜራ ለሚሠራው ሐኪም መስኩ በደም ይደፈርስበታል።

ታካሚው ቢወራጭ መድኃኒት አይጨምሩ። መጀመሪያ ኦክስጅኑንና ደረቱን ይዩ፤ የአየር እጥረትም ያወራጫል። ቀጥሎ የት እንደሚያመው ይጠይቁ። ብብቱንና የትከሻውን ጀርባ ካለ፣ ብሎኩ እዚያ ላይደርስ ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ ቦታው ላይ ማደንዘዣ (ሊዶኬይን) ይውጋ።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኦክስጅን በአፍንጫ ከመጀመሪያው ይክፈቱ። ይሁን እንጂ ኦክስጅን እየተሰጠው ትንፋሹ ቢደክም የጣት ኦክስጅን መለኪያው ዘግይቶ ነው የሚናገር፤ ካፕኖግራፍ (የሚወጣውን ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) ከሌለ አንድ ሰው ትንፋሹን እየቆጠረ አጠገቡ ይቁም። የግፊት መለኪያውንም በሌላኛው ክንድ ላይ ያድርጉት። አንጎል ከክንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ እዚያ ያለው ግፊት ሞኒተሩ ከሚያሳየው በ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያንሳል።