የድሬ ፀሐይ ያደበዘዘው የመኪና ቀለም፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ቀለም ስቀባና ሳሽ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት «ቀለሙ የደበዘዘበትና በቤቱ መመለስ የሚፈልግ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። ከድሬም ከሐረርም ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ ጋሼ፣ ቀይ ዲኤክስ አለችኝ። ኮፈኑና ጣሪያው ነጣ ብሏል። በእጄ ስነካው ዱቄት ይይዘኛል። ጎኗ ግን ደህና ነው። ምን ሆና ነው?

ፀሐይ ከላይ ስለሆነ የምትመታው፣ ቀድሞ የሚጎዳው ኮፈንና ጣሪያ ነው። ቀለም ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት ነው። ሌላው ዱቄቱን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ነው። ፀሐይ የምትበላው ሙጫውን ነው። ሙጫው ሲያልቅ ዱቄቱ ላዩ ላይ ይቀራል፣ እጅህን የያዘህ እሱ ነው። ቀይ ደግሞ ከብዙ ቀለም ቀድሞ ይደክማል። ደስ የሚለው፣ ከሥር ያለው ቀይ ገና አልሞተም። ላዩን ያለውን ስስ ንብርብር ካነሳህለት ይወጣል።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ የእኔ መኪና ላይ ክሊር ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?

ንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርግና የማይታይ ቦታ እሽ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም። ግራጫ ቆሻሻ ብቻ ከያዘ ክሊር አለው። መኪናው ነጭ ከሆነ ጥቁር ጨርቅ ተጠቀም። ሳያዩ መጀመር አያዋጣም። ክሊር ማለት ከቀለሙ በላይ ያለው ብርጭቆ የሚመስል ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ያላችሁ ነገር ከአንድ ፀጉር ያነሰ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ፦ ፖሊሽ ቀለም አይጨምርም፣ ይልጣል። ያበራው የሞተውን ስለላጠ ነው። የተላጠው ደግሞ አይመለስም።

ጥያቄ (ለገሃሬ፣ ሌሎች አምስት ሰዎችም ጠይቀዋል)፦ እስቲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳን። ማሽን የለንም፣ በእጅ ነው።

በእጅ ይሆናል። ድካም አለው እንጂ ለጀማሪ እጅ ከማሽን ይሻላል፣ ቶሎ አያጠፋም።

ሰዓቱ ዋናው ነው። ድሬ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አቁሙ፣ የቀረውን ለነገ። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርጉ፤ ካቃጠላችሁ ሥራ የለም። ትኩስ ብረት ላይ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቅና ራሱ ይጭራል።

መጀመሪያ እጠቡ። ሁለት ባልዲ ያዙ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። ጨርቁ መኪናውን በነካ ቁጥር መጀመሪያ ንጹሁ ውሃ ውስጥ ይራገፍ። ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን የምትጠቀሙም ብትሆኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር ይበቃል፣ ቁም ነገሩ አሸዋው ወደ ሳሙናው አለመመለሱ ነው።

ሲደርቅ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ቀለሙ ላይ በቀስታ አንሸራቱ። በባዶ እጅ ልስልስ የመሰላችሁ በፌስታሉ ሲነካ ቅርፍርፍ ይላል። የተጣበቀ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የፍሬን ብናኝ ነው። ለዚህ የሚሸጥ ሊጥ የመሰለ ማጽጃ ጭቃ አለ። ቀለሙን በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ በእሱ አንሸራቱ። መሬት ከወደቀባችሁ ጣሉት፣ አሸዋ ይዟል።

ከዚያ ማሸት። ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ብቻ ያዙ። በጣም ደቃቁን ፖሊሽ አስቀድሙ። ካልበቃ ብቻ ወደ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻከር ወዳለው ማሻ፣ ሂዱ፤ ኮምፓውንድ ከተጠቀማችሁ መጨረሻው እንደገና ደቃቁ ፖሊሽ ይሁን። ጨርቁ በቀለም ሲሞላ ንጹሁን ገጽ አዙሩ። ማዕዘንና ጠርዝ ላይ አትጫኑ፣ እዚያ ቀለሙ ከሁሉ ቦታ ስስ ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአጎቴን መኪና ኮፈን ሳሽ መሐሉ ላይ ያለችው ሸንተረር ላይ ቸኮልኩ። መጀመሪያ ነጣ አለች፣ መሰለኝ የበራች። ከዚያ ከቀለሙ ሥር የሚቀባው ግራጫው አስታር ብቅ አለ። ጣቴን ያህል ርዝመት ነው፣ ግን ኮፈኑ ሙሉ መቀባት ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርዞችን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሳልሸፍን ጨርቅ አላነሳም። እናንተም ሸፍኑ።

በመጨረሻ ዋክስ፣ ቀለሙን የሚሸፍነው ሰም። ስስ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ደመና ሲመስል በጣት ሞክሩት፤ ጣታችሁ ያለፈበት ካበራ ደርሷል፣ በንጹህ ማይክሮፋይበር አንሱት። ወፍራም ዋክስ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ (ሐረር፣ አራተኛ)፦ እኛ ጋ እኮ ብርድ ነው። ሐረር ላይም ፀሐይ ቀለም ይጎዳል?

ይጎዳል እንጂ። ሙቀትና ጨረር ለየቅል ናቸው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ያህል ላይ ናችሁ፣ ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። ከፍታ ሲጨምር ቀለም የሚበላው ጨረር ይበረታል። ብርዱ አያታልላችሁ፣ መኪናችሁን ጥላ ፈልጉለት።

ጥያቄ (ነምበር ዋን)፦ አቦ፣ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ጠዋትና ማታ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን እጠርጋለሁ። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶታል።

ወንድሜ፣ ጭረቱን ያመጣው መጥረጉ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲደርቅ ነፋስ ያነሳዋል፣ ባጃጅህ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። በደረቅ ጨርቅ ስትገፋው አሸዋ ወረቀት ሆኖ ነው የሚፍቅልህ። ውሃ ከሌለ አቧራውን ተወው፣ አቧራ ብቻውን አይጭርም። ጭረቱን ጥፍርህ ካልያዘው በፖሊሽ ይሄዳል። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፣ አትነካካው።

ጥያቄ (ገንደ ቆሬ)፦ በናፍታ መወልወልስ? በኦሞ ማጠብስ?

ናፍታው ለአንድ ቀን ያበራል። በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የበር ጎማዎችንም ይጎዳል። በኦሞ ማጠብ ደግሞ የቀባችሁትን ዋክስ ይገፍፋል። ለመኪና የተሠራ ሻምፖ ግዙ። ሁለቱንም ልማዶች ብትተዉ ደስ ይለኛል፣ በየቀኑ የማየው ጉዳት ከእነሱ ነው።

ጥያቄ (ሐረር፣ ቀላዳንባ)፦ የንብ ሰም በአገራችን ሞልቷል። ለምን እሱን አንቀባም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ አየሩ 35 ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን ከ70 ሊያልፍ ይችላል። ሰሙ ይለሰልሳል፣ አቧራ ይጠጣል። የመኪና ዋክስ ውስጥ የሚገባው ካርናውባ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው፣ ከ82 ዲግሪ በታች አይቀልጥም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ (መጋላ)፦ ካጠብኩ በኋላ ነጭ የውሃ ነጠብጣብ ይቀራል።

የድሬን ውሃ ማን ያጣዋል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው። ሳይደርቅ በጨርቅ ማድረቅ ነው መፍትሔው። ለደረቀው አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ ደቂቃ አቆይና አጥበህ አንሳ። አቼቶው ዋክሱንም ስለሚያዳክም ያን ቦታ ደግመህ ቀባ።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ነው የማቆመው። ቀይ አበባውና የወፍ ኩስ ጉድ አደረገኝ።

ጥላውን አትተዪ እህቴ፣ ከፀሐዩ ይሻላል። ኩሱን ግን አታሳድሪው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙን ይበላል። አትፈቂው። ውሃ የጠገበ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አልብሺውና ሲርስ አንሺው።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ ክሊሩ እንደ ተላጠ ቆዳ እየተነሳ ነው። ስንት ጊዜ ልሽ?

አንድም ጊዜ። የሄደ ክሊር በምንም አይመለስም። ገንዘብህን ፖሊሽ ላይ አታጥፋ፣ ለቀለም አጠራቅም።

ጥያቄ (ሐረር፣ ሸዋ በር)፦ ልጄ፣ ከ40 ዓመት በላይ የነዳኋት ፔጆ 404 አለችኝ። ቀለሟ የራሷ ነው። ሁሉም ሙሉ አስቀባት ይለኛል። አንተስ?

አባባ፣ እባክዎ አያስቀቧት። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ነው፣ ከሄደ ሄደ። የዚያ ዘመን ቀለም ክሊር የለውም፣ ወፍራምም ነው፣ ይታገሣል። ግን ደርቋል። ከማሸትዎ በፊት ዘይታማና እንደ ሌላው ፖሊሽ ምንም የማይፍቅ ፖሊሽ ይፈልጉ። ማታ ወፍራም አድርገው ቀብተው ያሳድሩት። ጠዋት ጠርገው እንደገና ይቀቡ። ቀለሙ መጠጣት ሲያቆም ያውቁታል፣ ጨርቁ ላይ ዘይቱ እንዳለ ይመለሳል። ከዚያ ደቃቅ ፖሊሽ በቀስታ፣ ከዚያ ዋክስ። አንድ በር ብቻ ይጀምሩና ለሁለት ቀን ያዩት። በሩ ካማረዎት ሌላውን ይቀጥሉ። ሐረር ስወጣ ባያት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (መልካ ጀብዱ)፦ ዋክሱ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ደጅ የምታድር መኪና ላይ እዚህ ሁለት ወር ካገኘህ ጥሩ ነው። ውሃ ስታፈስበት እንደ ዶቃ ክብ ክብ እየሆነ የሚንከባለል ከሆነ አለ። ተዘርግቶ ከቆመ አልቋል፣ ያኔ ድገመው። ፖሊሹን ግን አብረህ አትድገም።