የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከገንዘብ ሣጥኑ በላይ የተሰቀሉት ሴቶች እነማን ነበሩ?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ጤና ይስጥልኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ድሬዳዋ ከዚራ በአንድ የጉጅራት ተወላጅ ሕንዳዊ ነጋዴ ሱቅ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ያዥ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላቸው ከገንዘብ ሣጥኑ በላይ ሁለት ሥዕሎች ተሰቅለው አይ ነበር። አንደኛዋ በአበባ ላይ ተቀምጣ ከእጇ ወርቅ የምታፈስ ሴት ናት፤ ሁለተኛዋ ጠቆር ያለች፣ ምላሷን ያወጣችና በተጋደመ ሰው ላይ የቆመች ናት። ነጋዴው በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አዲስ የሒሳብ መዝገብ አምጥቶ፣ ዕጣን አጭሶ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ከጻፈ በኋላ ከሥዕሏ ፊት እጅ ይነሣ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ሕንዶች የሚያመልኩት የአምላክን ሚስት ነው» ይሉ ነበር። እውን እንደዚያ ነው? እነዚያ ሴቶችስ እነማን ናቸው? (አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ «ሕንዶች» የሚለውን ቃል ማጥበብ ያስፈልጋል። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከተማዋ ከነገዱት ሕንዳውያን መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የአባትዎ አሠሪ ግን ከገለጹት ሥርዓት እንደምንረዳው ሂንዱ ነበሩ።

በአበባ ላይ የተቀመጠችው ላክሽሚ ናት፤ የሀብት፣ የበረከትና የቤት ሞገስ እመቤት። አበባው ከጭቃ ውስጥ በቅሎ ጭቃ የማያቆሽሸው ሎተስ ነው። ነጋዴው ይፈጽሙት የነበረው ሥርዓትም በጉጅራት ነጋዴዎች ዘንድ ዛሬም አለ። በዲዋሊ፣ ማለትም ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት በሚከበረው የመብራት በዓል፣ ላክሽሚ ወደ ጸዳና ወደ በራ ቤት ትገባለች ተብሎ ስለሚታመን ደጃፉ ሁሉ በኩራዝ ይሞላል፤ የጉጅራት ዘመን መለወጫም በማግሥቱ ስለሚውል ያለፈው ዓመት መዝገብ ተዘግቶ አዲሱ በእርሷ ፊት ይከፈታል። በቀይ ከሚጻፉት አንዱ «ሽሪ» የሚለው ቃል ሲሆን ይህም የላክሽሚ ሌላ ስሟ ነው። «ሹብ» እና «ላብ» የሚሉ ቃላትም ይታከሉበታል፤ የመጀመሪያው መልካም ገድ፣ ሁለተኛው (ከአማርኛው ላብ ጋር በድምፅ ብቻ የሚገናኘው) ትርፍ ማለት ነው። ትርፉ ከመልካሙ ተነጥሎ እንደማይለመን ልብ ይበሉ።

«የአምላክ ሚስት» የሚለው አባባል ለማረም የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። በትረካዎቹ ላክሽሚ የቪሽኑ፣ ፓርቫቲ የተባለችው ሌላዋ እመቤት ደግሞ የሺቫ ባለቤት ናቸው፤ ቪሽኑና ሺቫ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት ናቸው። ይሁን እንጂ ከሂንዱ እምነት ታላላቅ ጅረቶች አንዱ የሆነው የሻክታ ወገን ነገሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል። «ሻክቲ» ኃይል ማለት ነው፤ እሳት ያለ ሙቀቱ እሳት እንደማይባል ሁሉ አምላክም ያለ ኃይሉ አንዳች ሊሠራ አይችልም ይላሉ፤ ያቺ ኃይል ደግሞ እናት ናት፣ ስሟም ዴቪ ነው። ሐሳቡ የቆየ ሥር አለው። በጥንታዊው የሂንዱ መዝሙራት መጽሐፍ በሪግ ቬዳ ዐሥረኛ ክፍል 125ኛው መዝሙር ላይ «ቫክ»፣ ማለትም ቃል፣ በሴት አንደበት ስለ ራሷ ስትናገር አማልክትን የምትሸከመው እርሷ እንደ ሆነች፣ የሚበላም የሚተነፍስም ሁሉ በእርሷ እንደ ሆነ ታስታውቃለች።

ይህን እምነት ከሁሉ አጉልቶ የሚተርከው ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ እንደ ተጻፈ የሚገመተው፣ 13 ምዕራፎችና 700 ያህል ስንኞች ያሉት «ዴቪ ማሃትምያ» ነው። ማሂሻ የተባለ፣ ጎሽ መልክ ያለው ጋኔን አማልክቱን ድል ነሥቶ ከሰማይ ባባረራቸው ጊዜ ከቁጣቸው የተነሣ ከእያንዳንዳቸው ብርሃን ወጣ፤ ብርሃኑም ተዋሕዶ አንዲት ሴት ሆነ፤ ዱርጋ ናት። ሺቫ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን፣ ቪሽኑ የሚሽከረከር ስለታም ቀለበቱን፣ የሂማላያ ተራራ አንበሳውን ሰጧት፤ እርሷም ጋኔኑን ገደለችው። እዚህ ላይ የቆመ አንባቢ «ኃይሏ ከወንዶቹ የተዋሰችው ነው» ሊል ይችላል። በዚያው መጽሐፍ ወደ መጨረሻው ሌላ ጋኔን በትክክል ይህንኑ ይወቅሳታል፤ በጦር ሜዳው ብዙ ሴት አማልክት አብረዋት ሲዋጉ አይቶ፣ በሌሎች ብርታት ተመክተሽ ነው የምትኮሪው ይላታል። እርሷም በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ሁለተኛ የለችም ስትል ትመልሳለች፤ ወዲያውም እነዚያ ሁሉ ወደ አካሏ ገብተው እርሷ ብቻዋን ትቆማለች። እኔ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ለሻክታው አማኝ በሱቁ ግድግዳ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች አንዲት ናቸው።

ምላሷን ያወጣችው ካሊ ናት። በዚሁ ትረካ ከዱርጋ ግንባር ወጥታ፣ ደሙ መሬት በነካ ቁጥር ከየጠብታው አምሳያው የሚነሣን ጋኔን፣ ደሙ ሳይወርድ ጠጥታ ታጠፋዋለች። ከእግሯ ሥር የተጋደመው ሺቫ ነው፤ ያለ ሻክቲ ሺቫ «ሻቫ»፣ ማለትም ሬሳ፣ ነው የሚል የታወቀ አባባል አላቸው። ለእንግዳ ዓይን የምታስፈራው ይህች ምስል በቤንጋል ግዛት ከሁሉ ይልቅ «እናቴ» ተብላ የምትጠራ ናት። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የቤንጋል ባለቅኔ ራምፕራሳድ ሴን እንዳኮረፈ ልጅ እየወቀሳትና እየተማጸናት ዘምሮላታል።

የቤንጋሎች የዱርጋ በዓል ደግሞ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ በሚውለው በዚህ በዓል ጋኔን ገዳይዋ ዱርጋ፣ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ሆና ታይታ፣ ከባሏ ቤት ከካይላሽ ተራራ ወደ ወላጆቿ የምትመጣ የተዳረች ልጅ ናት፤ እናቷ በናፍቆት ትጠብቃታለች፣ መዝሙሮቹም ይህንኑ ያዜማሉ። ልጁን ከዳረ በኋላ በመልስ ቀን ደጅ ደጁን ያየ ወላጅ ስሜቱን ያውቀዋል። በዐሥረኛው ቀን ያገቡ ሴቶች በምስሏ ላይ ቀይ ዱቄት ቀብተው ይሰናበቷታል፤ ከወንዝ ዳር ጭቃ የተሠራው ምስልም ተመልሶ ወደ ወንዝ ይገባል። «ጣዖት ያመልካሉ» ለሚለው ንግግር አማኞቹ የሚሰጡት መልስ እዚህ አለ፤ ምስሉ በጸሎት ለጥቂት ቀናት ማደሪያዋ ይሆናል፣ ስትሄድ ጭቃ ነው። የኮልካታው የዱርጋ በዓል እ.ኤ.አ. በ2021፣ ለእመቤቲቱ ክብር የሚጨፈረው የጉጅራቱ ጋርባ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብተዋል።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ይህን ሁሉ ለእመቤታችን ለማርያም ከሚሰጠው ክብር ጋር ሲያመሳስሉት እሰማለሁ። ንጽጽሩ ሁለቱንም ይበድላል። ማርያም አምላክን የወለደች ተብላ ትከበራለች እንጂ አምላክ አትባልም፤ ዴቪ ግን ለአማኟ ራሷ የሁሉ መነሻ ናት።

ጥያቄ፦ ሴትን አምላክ ብሎ የሚሰግድ ሕዝብ ሴቶቹን ለምን ያስጨንቃል? (መምህር፣ ከሐረር)

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ስግደቱ ብቻውን ለሴቶች መብት አላመጣም። ሕንድ ጥሎሽን (በእነርሱ ዘንድ የሙሽራዪቱ ወገን ለሙሽራው ወገን የሚሰጠውን) እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ብትከለክልም በጥሎሽ ምክንያት የሚሞቱ ሙሽሮች ዛሬም አሉ። እምነቱ ለሴቶች መቆሚያ የሆነበት ጊዜም አለ። ኮልካታ አጠገብ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1855 የተመረቀውን ታላቁን የዳክሺኔስዋር የካሊ ቤተ መቅደስ ያሠራችው ራኒ ራሽሞኒ የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ወገኗ ዝቅተኛ ተብሎ ስለሚቆጠር ካህናቱ ለማገልገል አንገራግረው ነበር፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም።

ተቃርኖው ከሁሉ ይልቅ የሚታየኝ በአሳም ግዛት፣ በጉዋሃቲ ከተማ ባለው የካማክያ ቤተ መቅደስ ነው። በውስጡ የተቀረጸ ምስል የለም፤ የሚሰገድለት በሴት አካል አምሳል የተሰነጠቀና ከምንጭ ውኃ የሚረጥብ ዓለት ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር እመቤቲቱ የወር አበባዋን ታያለች ተብሎ በሩ ለሦስት ቀናት ይዘጋል፤ እርሻም አይታረስም። በአራተኛው ቀን በሩ ሲከፈት፣ በወር አበባቸው ጊዜ በገዛ ቤታቸው ወደ ጸሎት ክፍል እንዳይገቡ የሚከለከሉ ሴቶች ከሌላው ምእመን ጋር ተሰልፈው ዓለቱ ተሸፍኖበት ከነበረው ቀይ ጨርቅ ቁራጭ ለበረከት ይቀበላሉ።