ጎማዬን ከውስጥ በኩል ማን በላው?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ቪትዝ አለችኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ እሰራባታለሁ። የፊቶቹን ጎማዎች አዲስ ካስገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቁጥራቸው 165/70፣ ቸርኬው 14 ነው። ከውጭ ለሚያያቸው ጥርሳቸው ሙሉ ነው። በቀደም ጎሚስታ ጋ ንፋስ ላስሞላ ስቆም ልጁ መሪውን አስጠምዝዞ ሲያሳየኝ ግን የሁለቱም የውስጥ ጠርዝ ተልጦ አልቋል፣ ሽቦው ሊወጣ ምንም አልቀረው። ባላንስ በቅርቡ አሰርቻለሁ። አንዱ «ጎማው ፎርጅድ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «አላይመንት አሰራ»። የቱን ልስማ? (ከሃያት)

መልስ፦ ሁለተኛውን ስማ፣ ግን በግማሹ።

ጎማው ላይ አትፍረድ። መጥፎ ጎማ ቶሎ ያልቃል እንጂ ሁለቱም ተማክረው ከውስጥ በኩል ብቻ አያልቁም። ባላንሱንም እርሳው። እሱ ጎማና ቸርኬው ሲሽከረከሩ ክብደታቸው እንዲመጣጠን ነው፣ ሲዛባ ከ80 በላይ ስትነዳ መሪህን ያንቀጠቅጠዋል። የአንተ ችግር ጎማው የቆመበት አቅጣጫ ነው፤ አላይመንት የሚባለው እሱን ማስተካከል ነው።

ቆመህ ጫማህን ቁልቁል እንደምታየው አድርገህ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስባቸው። ጫፋቸው ወደ ውጭ ከተከፈተ የውስጥ ጠርዝ ይበላል፣ ወደ ውስጥ ከገጠመ ደግሞ የውጩ። መካኒኮቹ ቶ የሚሉት ይህን ነው። የአንተ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 59 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢወጣ በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን አስፋልቱ ላይ ተፋቀ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሃያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ለሚመላለስ ሰው እንግዲህ ሂሳቡን ስራው።

ጋራዥ ሳትሄድ ራስህ መሞከር ትችላለህ። መዳፍህን በጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ዳብሰው (ሽቦ ካለ እጅ ይቀዳልና ጓንት አድርግ)። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እጅህን ከያዘህ ቶ ነው። በሁለቱም ለስላሳ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ተንሸራቶ ካለቀ ግን ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ መጋደሉ ሊሆን ይችላል። እሱ እንደ ቶ በቀላሉ በቁልፍ የሚስተካከል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ የተጣመመ አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዘው ክንድ) ወይም ሾክ አለ ማለት ነው።

በግማሹ ያልኩህ ለዚህ ነው። ከአላይመንቱ በፊት ፊቷን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቀው። ከተጫወተ ቴስቲኒው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጫፍ) አልቋል። ከላይና ከታች ይዘህ ሲነቀነቅ ከተጫወተ ደግሞ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ወይም ባል ጆይንቱን (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን) አስፈትሽ። የላላ ነገር እያለ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ከግቢው ወጥተህ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትነካ ግን ሁሉም ነገር ተመልሶ ይዛባል። ሳይነቀንቅ ቀጥታ ማሽን ላይ የሚሰቅልልህ ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ስለዚህ መጀመሪያ የላላውን ቀይር። ቀጥሎ አዲስ ጎማ አስገባ፣ ንፋሱን በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ላይ እንዳለው ሙላ፣ አላይመንቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። ሲጨርሱ የፊትና የኋላ ቁጥሩ፣ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለው፣ የታተመበትን ወረቀት ጠይቃቸው። «ማተሚያው ተበላሽቷል» ካሉህ በስልክህ ስክሪኑን ፎቶ አንሳ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስትነዳም መሪው ቀጥ ማለት አለበት፤ ጠመም ካለ ስራው አላለቀም፣ ዛሬውኑ ተመለስ።

የተላጡትን ደግሞ «ወደ ኋላ እናዙራቸው» የሚልህ አይጠፋም። ጎማ ማዘዋወር በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ለደህና ጎማ። ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ የትም ቦታ አይሆንም፣ ሽቦው የቀረበማ አይነሳ።

ጥያቄ፦ የኔ ኮሮላ ደግሞ መሃሉ ብቻ ነው ያለቀው፣ አራቱም። አላይመንት ላሰራ? ለአዲስ አበባ መንገድ ብዬ ጠንከር አድርጌ ነው የማስነፋው። (እህታችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ብርሽን አታባክኚ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ንፋስ ሲበዛ ጎማው መሃሉ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ሲያንስ ደግሞ ሁለቱ ዳር ይበላል። ጠዋት ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ አስለኪና በሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር አውርጂው። መንገድ ላይ ሞቆ ቁጥሩ ከፍ ቢል እንዳታስተነፍሺው፣ ያ ጤነኛ ነው።